በመጋረጃው ላይ የተደረደሩት ብሎኖች

በዚያ ግቢ ውስጥ «የእሷ ነው» የተባለ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም አይነሳም።

ትልቁ ቤት የታላቅ ወንድሟ ነው። ማን እንደሰጠው የሚያስታውስ የለም፤ ታላቅ ነውና ወሰደው፣ ሰዉም አሜን ብሎ አደረ። ተምሮ ቢሮ የገባውም እሱ ነው። እሷ ከትምህርቷ የወጣችው «ከሁለት አንዳችሁ ሥራ መያዝ አለባችሁ» በተባለ ጊዜ ነበር፤ ያ «አንዳችሁ» የተባለው ማን እንደሚሆን ሳይነገር ሁሉም ያውቀው ነበር። መንጃ ፈቃድ አወጣችና የከተማ አውቶቡስ ያዘች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ያው መስመር፣ ያው ፌርማታ፣ ያው «ሾፌር፣ ወራጅ አለ»። በሰፈሩም በሥራ ቦታም ስሟን የሚጠራ ጠፍቶ ሾፌሯ ሆና ቀረች። ወንድሟን ግን እሷም ሌላውም ጋሼ ይለዋል። የምትኖረው ጓሮ ባለች አንድ ክፍል ነው፤ ክፍሏንም ቢሆን «ኑሪባት» አሏት እንጂ «ያንቺ ናት» ያላት የለም።

እንግዲህ አጎታቸው ሊሞት ሲል ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ያቺ መኪና የእሷ ናት፤ ከመካከላችሁ መኪና የሚወድ እሷ ብቻ ናት» አለ። መኪናዋ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ የድሮ ስፖርት መኪና ናት፤ ኮፈኗ ረጅም፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው። ቀይ ነበረች ይባላል። የግቢው ጥግ ላይ ቆማ ጎማዋ ተንፍሶ፣ ዝገት በልቷት፣ ድመት ወልዳባት ነበር። ጋሼ የሟች ቃል መካድ ነውር ስለሆነበት ፈገግ ብሎ፣ «ውሰጃት፤ ለዶሮ ቤት ትሆንሻለች» አለ። ሰዉ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ኋላ ላይ ነው የቆጫት።

ስፖርት መኪና ማደስ ገንዘብ ላለው ሰው ጨዋታ ነው፤ በአውቶቡስ ሾፌር ደሞዝ ግን ከልመና ትንሽ ከፍ ያለ ሥራ ነው። አዲስ ዕቃ የሚባል ነገር አልገዛችም። ራዲያተሩ ከተጋጨ ሚኒባስ የተነቀለ ነው፤ ብረት ገዢው ዘንድ ሄዳ ከክምሩ ውስጥ ራሷ ጎትታ አወጣችው። የፊት ፍሬኗ ዘመን ያለፈበት ስለነበር ያንን ጥላ ከወደቀ ታክሲ የተፈታ የዲስክ ፍሬን አስገባችላት፤ ማሰሪያውን በመጋዝና በሞረድ እያስተካከለች ስንት እሑድ በልቶባታል። ለወንበሮቹ አውቶቡሶች ሲታደሱ የሚጣለውን ስፖንጅ ለምና አመጣች። መብራቷ የሞተር ሳይክል ነው። ለቀለም የሚሆን ገንዘብ ስላልተረፋት ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋ ጸረ ዝገት ብቻ ቀባቻት፤ መኪናዋም የጡብ መልክ ያዘች። ያየ ሁሉ «መቼ ነው የምትቀቢያት?» ይላል እንጂ «ይህን ሁሉ ብቻሽን ሠራሽው?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።

የቀረው ሞተሩ ነበር። ለመካኒክ የምትከፍለው የላትም። ስለዚህ የአውቶቡሶቹን ጋራዥ ሰዎች ሻይ እየጋበዘች የሰማችውን ሰምታ ሞተሩን ራሷ ፈታችው። የግማሹን ዕቃ ስም አታውቅም። የምታውቀው የትኛው ከየት እንደወጣ ብቻ ነው። ከቆርቆሮው ጥላ ሥር አሮጌ መጋረጃ ዘረጋችና የፈታችውን ሁሉ በፈታችበት ተራ ደረደረችው። መጀመሪያ የወጣው በበሩ በኩል፣ መጨረሻ የወጣው በግንቡ በኩል። እያንዳንዱ ብሎን ከነዳዶው፣ እያንዳንዱ ቫልቭ በወጣበት ጉድጓድ ተራ። ስትገጥም ከግንቡ ጀምራ ወደ በሩ ትመጣለች ማለት ነው። ዕውቀቷ ያለው ጭንቅላቷ ውስጥ ሳይሆን መጋረጃው ላይ ነበር።

በዚህ መሐል ጋሼ መኪናዋ በቆመችበት ቦታ ላይ የሚከራይ ክፍል ሊሠራ ተነሳ። «አንቺ የያዝሽው ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው» አላት፤ «እኔ ግን መሬቱ ላይ ያለውን ቦታዬን እፈልገዋለሁ።» ተጨቃጨቁ። ጎረቤት ገባበት። በመጨረሻም ጎረቤቶቹ ባሉበት ተስማሙ፤ ለግንባታው አሸዋ የሚመጣ ቀን መኪናዋ በራሷ ሞተር ከግቢው በር ከወጣች የእሷ ናት፣ ጋራዡ ማቆሚያ ሰጥቷታልና ወደዚያ ትውሰዳት። ካልወጣች ብረት ገዢው በኪሎ ይወስዳታል። በራሷ ሞተር የሚለውን ያስገባው ጋሼ ነው፤ ገፍታ እንዳታወጣት ፈርቶ።

አንድ ቀን ታዲያ ጋሼ ከቢሮ ሲመለስ ያለ ወትሮው የሱሪውን ጉልበት ሰብሰብ አድርጎ መጋረጃው አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ተራው ነው፣ ጋሼ። መጨረሻ የወጣው መጀመሪያ ይገባል። ከዚህ ከግንቡ እጀምርና ወደዚያ እመጣለሁ።»

«ቢደባለቅስ?»

«ቢደባለቅማ አለቀልኝ። ረጅሙ ብሎን በአጭሩ ቦታ ከገባ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። እሱ ከተሰነጠቀ ደግሞ ከየት ይመጣል? ዕቃዋን የሚሠራም የለም።»

«ይገርማል» አለ ጋሼ። «እኔ ዝም ብለሽ የበተንሽው ነበር የመሰለኝ።»

ዕድሜዋን ሙሉ ስለ ሥራዋ ጠይቋት አያውቅም። ካምቢዮውን አሳየችው፣ ፍሬኑን አሳየችው፣ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ያልጠየቃትን ሁሉ ነገረችው። ያን ዕለት ደስ ብሏት አደረች። ምን ታድርግ፣ የታላቅ ወንድም ጥያቄ ርቧት ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ከሥራ ስትመለስ መጋረጃው ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል።

ከሥሩ የወንድሟ ሚስት ቆማለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከዋናው በር አጠገብ ባለችው ክፍል ዚፕ ስትቀይር፣ ሱሪ ስታሳጥር ነው የምትውለው። የሸሚዝና የካፖርት ቁልፎቿን በትልቅነታቸው እየለየች ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ የምታስቀምጥ ሴት ናት። ፊቷ በደስታ በርቷል።

«ነይ እስቲ እዪልኝ፣ እትዬ» አለች። «ወገቤ እስኪቆረጥ ነው የሠራሁልሽ።»

በግንቡ ጠርዝ ላይ ጠርሙሶች ተሰልፈዋል። ትልልቅ ብሎኖች ለብቻ፣ መካከለኞቹ ለብቻ፣ ትንንሾቹ ለብቻ፣ ዳዶዎቹ ለብቻ። ቫልቮቹ እንደ ማንኪያ አንድ ጣሳ ውስጥ ተሰክተው ቆመዋል። ሁሉም በሳሙና ታጥበው፣ እንዳይዝጉም የምግብ ዘይት ተቀብተው ያብረቀርቃሉ። ግቢው በሙሉ መጥበሻ መጥበሻ ይሸታል።

ሾፌሯ ወደ ግንቡ ቀረበች። ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። ከአንዱ ጠርሙስ አንድ ብሎን አወጣች፣ አየችው፣ መለሰችው።

«ማን ንኪ አለሽ?»

«ኧረ እትዬ፣ ጥቁር ብለው እኮ ነው...»

«ማን ንኪ አለሽ ነው የምልሽ። ስንት ወር ተንበርክኬ የደረደርኩትን በአንድ ቀን ድብልቅልቁን አወጣሽው። አሁን የቱ የየት እንደሆነ ማን ይነግረኛል? አንቺ ትነግሪኛለሽ?» ከዚያ በኋላ የተናገረችውን እሷም ብትሆን በደንብ አታስታውሰውም። መርፌሽን ይዘሽ ተቀመጪ አለቻት፣ አእምሮ የለሽም አለቻት፣ ሌላም አለቻት። የወንድሟ ሚስት ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወደ ቤት ገባች። ከደቂቃ በኋላ ልቅሶዋ ተሰማ።

ጋሼ ወጣ። አንዲት ጎረቤትም በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«ምን ሆንሽ?» አለ ጋሼ፣ በተረጋጋ ድምፅ። «ለመልካም ብላ ነው እኮ። ቀኑን ሙሉ ስትለፋልሽ ውላ፣ ምስጋና ሲገባት ታስለቅሻታለሽ? ግቢና ይቅርታ ጠይቂያት።»

«እውነት ነው» አለች ጎረቤቲቱ። «ለመልካም ብላ ነው።»

የዚህ ዓለም ግማሽ ጥፋት በዚህች ቃል ነው የሚታለፈው። ያጠፋው ለመልካም ብሎ ይሆናል፣ የጠፋበት ይቅርታ ይጠይቃል፣ ያየው ደግሞ «እውነት ነው» ይላል። ሾፌሯ ይቅርታ አልጠየቀችም። ጠርሙሶቹን በእቅፏ ሰብስባ ክፍሏ ገባችና በሩን ዘጋች። ለማን ትናገረው? በሰዉ ዓይን ጥፋተኛዋ እሷ ሆናለች።

በማግስቱ የዕረፍት ቀኗ ነበር። ሞተሩ ሥር ቁጭ ብላ አንዱን ብሎን እያገላበጠች ሳለ የወንድሟ ሚስት መጣች። ዓይኗ አብጧል። ሜትሯ አንገቷ ላይ ነው፤ በእጇ የሹራብ መሥሪያ መርፌና የልብስ ጠመኔ ይዛለች። ሳትናገር አጠገቧ ተቀመጠች። መርፌውን ከሞተሩ ጉድጓዶች ባንዱ ውስጥ እስኪቆም ድረስ ሰደደች፣ በአፉ በኩል በጠመኔ ምልክት አደረገችበት፣ አወጣችና በሜትሩ ለካችው።

«ጥልቀቱ ይሄን ያህል ነው» አለች። «ከዚህ የሚረዝም ብሎን የዚህ ጉድጓድ አይደለም። አይደል?»

ሾፌሯ ልትቆጣ ስትል መርፌውን ተቀብላ ራሷ ደግማ ለካችው። ነገሩ ልክ ነበር።

«ከላይ የሚታሰረውን ብረት ውፍረት ጨምሪበት» አለች በመጨረሻ።

ጨመረችበት። ጠርሙሱን ገልብጣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ እየለካች የሚሆነውን አገኘች። ጫፉን በጣቷ አሸት አድርጋ፣ ከዚህ በታች ጠቆር ያለው እዚያ ድረስ ገብቶ ስለኖረ ነው አለች፤ ለመቶ ዓይነት ክር ዓይኗ የሠለጠነ ነው። ሁለተኛውን ለኩ፣ ሦስተኛውን ለኩ። ሥራው ሄደ።

«እትዬ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ቀና ሳትል። «ብትቆጪም ተቆጪ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። እኔ የአንቺን ዕቃ ነክቼ አውቃለሁ?»

«አታውቂም።»

«ሰው የደረደረውን አልነካም። እኔም ጨርቅ ቆርጬ ስደረድር ተራ አለው፤ አንድ ሰው ቢነካብኝ እጁን ነው የምቆርጠው። ስለዚህ ጠርጥሬ ጠየቅሁት። እሱ ነው፣ ‹ራሷ ጠይቃኛለች፣ ጊዜ አጣሁ ብላ ነው። እጠቢና በልክ በልክ ለዪላት፣ ደስ ይላታል› ያለኝ። ዘይት ቀቢያቸው ያለኝም እሱ ነው።»

ሾፌሯ የያዘችው ብሎን ከእጇ ወደቀ።

ቁጢጥ ብሎ «ቢደባለቅስ?» ያለው ጋሼ ዓይኗ ላይ መጣ። ያ በስንት ዘመን አንዴ ያገኘችው ጥያቄ፣ ደስ ብሏት ያደረችበት። እንዴት እንደምትጎዳ ያስተማረችው ራሷ ናት፤ ያውም እጇን እየጠረገች፣ ያልጠየቃትን ሁሉ እየጨመረች። ደሟ የፈላው እዚህ ላይ ነው። መኪናዋን በመዶሻ ቢደበድባት ይሻል ነበር፤ እሱ ግን የጠየቀ መስሎ፣ የሰማ መስሎ፣ ወንድም መስሎ ነው የመጣው። ደግሞ ትናንት የጮኸችው በማን ላይ ነው? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

«ይቅር በይኝ» አለቻት። ይቅርታ ለሚገባው ሰው ሲሆን ምንም አይከብድም።

«እኔንስ ተዪኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ። ድምፅዋ ተለውጧል። «እኔን መጥረጊያ አድርጎኛል። ትናንት ሳለቅስ አጠገቤ ተቀምጦ ጋዜጣ ሲያነብ ነበር። ‹በቃ አታልቅሺ፣ እሷ ሲፈጥራት ክፉ ናት› ነው ያለኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።»

ሾፌሯ ተነስታ ወደ ትልቁ ቤት ሄደች። ጋሼ መስታወት ፊት ቆሞ ጺሙን ይላጫል። ሲያያት ምላጩን አላወረደም።

«ሚስትህን ዋሽተህ ነው ያሠራሃት?»

«ነገር አታክርሪ።»

«እኔ ምን አደረግሁህ፣ ጋሼ?»

«ላንቺው አስቤ ነው» አለ፣ ጉንጩን በምላሱ ከውስጥ ገፋ አድርጎ። «በዚህ ዕድሜሽ መኪና ሥር ተጋድመሽ መዋል። የቢሮ ሰው ቤቴ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ያንቺን እግር ነው። ተስፋ ብትቆርጪ ይሻልሻል ብዬ ነው። ደግሞ ቃል ቃል ነው። አሸዋውን አስቀድሜዋለሁ፤ በሚመጣው እሑድ ይገባል።»

ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ሾፌሯ የምትመልሰው ብዙ ነበራት፤ ከትልቁ ቤት እስከ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት እስከ ጓሮዋ ክፍል ድረስ። ግን እሑድ ቅርብ ነው። ለጭቅጭቅ የሚሆን ትርፍ ጊዜ የላትም። ትታው ወጣች።

በዚያ ሳምንት ከአውቶቡስ እንደወረደች ቀጥታ ወደ ሞተሩ ነው። ቫልቮቹ የትኛው ከየትኛው ጉድጓድ እንደወጣ በመርፌም በሜትርም ሊታወቅ አልቻለም፤ ሁሉም እኩል ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዱን ባገኘችው ጉድጓድ ላይ አስቀምጣ፣ መፈተጊያ ቅባት ቀብታ፣ በእንጨት እጀታ በሁለት መዳፏ መሐል እያሽከረከረች እንደ አዲስ አስማማቻቸው። መዳፏ ተላጠ። በነጋታው መሪ ስትይዝ ይለበልባታል፣ ተሳፋሪው ደግሞ ዘገየሽ ይላታል። ልብስ ሰፊዋ በበኩሏ ሱሪ ማሳጠሩን ትታ በዚያው ዋለች፤ በአውቶቡስ ስፖንጅ ላይ የወንበር ልብስ ሰፋች፣ ብሎን ለካች። የጋሼ ሸሚዝ ቁልፉ ተበጥሶ ሳይተከል ሰነበተ፤ የልብስ ሰፊ ባል ደረቱን በመርፌ ቁልፍ ይዞ ቢሮ ገባ። ሁሉም ተገጥሞ ሲያልቅ አንድ ብሎን ተረፈ። ሁለቱ ተያዩ። ጋራዥ ውስጥ ሞተር ገጥሞ ብሎን ያልተረፈው ሰው የለም አለች ሾፌሯ፣ ኪሷም ከተተችው።

እሑድ ብረት ገዢው ቀድሞ መጣ። ጋሼ ነው የጠራው። ሚዛኑንና ገመዱን ይዞ በግቢው ውስጥ ቆመ፤ ጎረቤቶቹም ስምምነቱ የተደረገው በእነሱ ፊት ነውና ሊያዩ ወጡ። ሾፌሯ ከጋራዡ የተዋሰችውን ባትሪ አሰረች። ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ዝም አለ። ደግማ አዞረች፣ ዝም አለ። ጋሼ ሰዓቱን አየ። በሦስተኛው ሞተሩ አንድ ጊዜ ተንኮሻኮሸና ያዘ፤ ጭሱ መጥበሻ መጥበሻ እየሸተተ ግቢውን ሞላው። ልብስ ሰፊዋ ፈጠን ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ከጎኗ ገባች።

«አንቺ ደግሞ ወዴት ነው?» አለ ጋሼ።

የመኪናዋን በር ሳበችና ዘጋችው።

መኪናዋ ቀስ ብላ ወደ በሩ ሄደች። ሾፌሯ መሪውን በሁለት እጇ አጥብቃ ይዛለች፤ ትልቁን አውቶቡስ በጠባብ መንገድ ስታጥፍ እንኳ እንዲህ ይዛ አታውቅም። ከውጭ የአሸዋው መኪና ደርሶ ወደ ግቢው ሊታጠፍ ቆሟል። የፊት ጎማዋ የበሩን ደፍ አልፎ መንገዱ ላይ ሲወጣ ከጎን የጋሼ ድምፅ ተሰማ። እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ለጎረቤቶቹ ይናገራል።

«አስጠገንኳት እኮ። የአጎታችን ማስታወሻ ናት፣ እንዴት ዝም ብዬ እጥላታለሁ? ስንት ወጪ ነው ያወጣሁባት መሰላችሁ።»

ሾፌሯ ፍሬን ያዘች።

የፊት ጎማዋ መንገድ ላይ ነው፣ የኋላዋ ግቢ ውስጥ። መስኮቷ መስታወት ስለሌለው መክፈት አላስፈለጋትም።

«ጋሼ፣ እስቲ ድገመው።»

«ሂጂ እንጂ፣ የአሸዋው መኪና ቆሟል።»

«ማን ነው ያስጠገናት?»

የአሸዋው መኪና ጡሩምባውን ነፋ። ሾፌሯ ዕድሜዋን ሙሉ ጡሩምባ ሲነፋባት የኖረች ሰው ናትና ዞራም አላየችው። የሙቀቱ መለኪያ ግን እየወጣ ነበር፤ የሚኒባሱ ራዲያተር ቆሞ መጠበቅ አይወድም። ጋሼም አይቶታል።

«ገና አልወጣሽም እኮ» አለ። «እዚህ ላይ ብትጠፋብሽ አልወጣሽም። ቃል ቃል ነው።»

«ብትጠፋ ትጥፋ። አንተ ሳትናገር ግን አሸዋህ አይገባም።»

ጡሩምባው ደግሞ ተነፋ። ጎረቤቶቹ ወደ ጋሼ ዞሩ። ጋሼ በመርፌ ቁልፍ የተያዘውን ሸሚዙን ነካካ፣ ወደ መሬት አየ።

«እሷ ናት» አለ።

«አልተሰማም» አለ ብረት ገዢው ከኋላ፣ ገመዱን እየጠቀለለ።

«እሷ ናት የሠራቻት። በገዛ ገንዘቧ።»

ሾፌሯ ማርሽ አስገባች። እግሯን ከፍሪሲዮኑ ልታነሳ ስትል ልብስ ሰፊዋ ክንዷን ያዝ አደረገቻትና በመስኮቱ አንገቷን አወጣች።

«እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ» አለችው ባሏን። «ብሎኖቹን አጥበሽ ለዪ ያለኝ ማን ነው? ለእነሱም ንገራቸው።»

ሾፌሯም ማርሹን መልሳ አወጣች። የአሸዋው መኪና ሾፌር ጡሩምባውን ተወ፤ ሞተሩን አጠፋና መልሱን ሊሰማ ወረደ።